የልደት የንባብ ተራ

ማክሰኞ፣ ጥር 14 ቀን 2016

አጀንዳው የ2011 ነው። አንድ ደንበኛ ለሱቁ ሰጥቶን መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ ነበር። ካሳይ "ውሰጂው ፍሬሰላም፣ አይጥ ከሚበላው" አለኝ። ካሳይ ባምቢስ ሠፈር ያለው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት ነው፤ እዚያ መሥራት ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመቴ። የሰው ማመልከቻ ስጽፍ እውላለሁ፣ ለራሴ ግን አንድ መስመር ጽፌ አላውቅም። የታተመውን ቀን እየሰረዝኩ የራሴን አስገባለሁ።

ዛሬ የልጄን የልደትን የውጤት ካርድ ልቀበል ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። የአራተኛ ክፍሏ መምህርት ደሊና ትባላለች፤ ልጅ እግር ናት፣ ረጋ ያለች። "ይቀመጡ" አለችኝ። መምህር ተቀመጪ ሲለኝ ከድሮም አልወድም።

"ልደት ሲያወሯት ክፍሉን ሁሉ ታስቃለች። ግን አታነብም።"

"ቀስ ትላለች ማለትሽ ነው?"

"አይ፣ አታነብም። ፊደሉን ለየብቻው ታውቀዋለች፤ ቃል ሲሆንባት ይጠፋታል። እስከ ሰኔ ካልተስተካከለች ክፍሉን ትደግማለች።"

ሳቅኩ። ስደነግጥ እስቃለሁ፤ የማይረባ ጠባይ ነው። ከዚያ ደግሞ ያለማቋረጥ አወራሁ፤ ቤታችን መጽሐፍ እንዳለ፣ እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ነጥብ አጥሮኝ እንጂ ንባብ አጥሮኝ እንደማያውቅ፣ ወንድሟ ዮአብ በአምስት ዓመቱ የታክሲ ታፔላ ያነብ እንደነበር። መምህርት ደሊና እስክጨርስ ጠብቃ ካርዱን ሰጠችኝ።

ወደ ቤት በእግሬ መጣሁ። አሥር ዓመት ሙሉ ልጄ አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ እኔ እያነበብኩላት፣ አላየሁም ማለት ነው? አላየሁም።


ሐሙስ፣ ጥር 16

ተጀመረ! ስሙን "ተራ ንባብ" አልኩት።

መጽሐፉ የታሪክ ልቦለድ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ሰውዬ ኮፒ አድርጉልኝ ብሎ ትቶት ሄደ፣ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ሽፋኑ ስለተገነጠለ ስሙንም ደራሲውንም አናውቅም። ትንሽዬ ናት፤ አንዱ ገጽ አሥራ አምስት መስመር ቢሆን ነው። ታሪኩ በመሳፍንቱ ዘመን ነው። ቡዜ የምትባል ልጃገረድ ከጎንደር ወደ ሸዋ ደብዳቤ ትወስዳለች፤ ደብዳቤው ቀሚሷ ጥለት ውስጥ ተሰፍቷል።

ደንቡ ይሄ ነው፤ ከእራት በኋላ አንድ አንድ ገጽ። መጀመሪያ እኔ፣ ቀጥሎ ዮአብ፣ ሦስተኛ ልደት። አባታቸው ሃድጉ ሐዋሳ ሕንፃ ላይ የኤሌክትሪክ ሥራ ስላለው በስልክ ይሰማል፤ ስፒከሩን ከፍተን ከጨው ዕቃው ላይ እናስደግፈዋለን።

ዮአብ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፣ ምንም ነገር ደስ አይለውም። "እማ፣ በናትሽ! ማን ነው አሁን በቅሎና ደብዳቤ የሚያነበው? ቴሌግራም ላይ ላኪላት በቃ" አለ። ግን አነበበ። እየቀለደም ቢሆን፣ የመሳፍንቱን ድምፅ እንደ ታክሲ ረዳት እያደረገ፣ አነበበ።

ልደት ተራዋ ሲደርስ መጽሐፉን ተቀብላ፣ አየችው፣ መለሰችልኝ። "የኔን አንቺ አንብቢልኝ፤ ነገ እኔ።"

እሺ አልኳት። ምን ላድርግ?


ቅዳሜ፣ ጥር 25

ውሃ ትናንት ሌሊት መጥታ ጀሪካን ስሞላ ወገቤ ተቆረጠ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ "ነገ" ስትለኝ የእሷንም እኔ አነባለሁ።

ትናንት ማታ አንድ ክፍል ነበር። ደብዳቤውን የሚልኳት ሰውዬ፣ ወንዝ ብትሻገሪና ቢረጥብብሽስ ብለው ቃል በቃል ያስጠኗታል። ልደት አቋረጠችኝ።

"ለምን ከፍታ አታነበውም?"

"ፊደል አታውቅማ።"

"አታውቅም? እና እንዲህ ጎበዝ ሆና?"

"በጆሮዋ ነው የያዘችው።"

ይህን ጊዜ ግድግዳው ቋ ቋ አለ። ሁላችንም ዘለልን። ጋሽ መዝገቡ ናቸው፤ ቤታችንና ቤታቸው በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ነው፣ ግድግዳው ደግሞ ጭቃ ነው። "ጮክ በይ ፍሬሰላም! ወንዙን የተሻገረችው ማን አልሽ?" ለካ ሳምንት ሙሉ ወንበራቸውን ግድግዳው ጋ አስጠግተው ሲሰሙ ኖረዋል! እንዴት ደስ አለኝ። ጋሽ መዝገቡ በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ፣ ኋላ መምህር ሆነው ጡረታ ወጡ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው፤ ዐይናቸውም እየደከመ ነው።

ዮአብ፦ "እንግዲህ ላይቭ ታዳሚ አለን።"


ረቡዕ፣ ጥር 29

በምሳ ሰዓት ሙሉውን መጽሐፍ ለጋሽ መዝገቡ አጉልቼ ኮፒ አደረግኩላቸው። ካሳይ አየኝና "የሠፈሩን ቤተ መጻሕፍት ከፈትሽ?" አለኝ፤ ወረቀቱን ግን ፈቀደልኝ። ግማሹን ስጨርስ የዘጠኝ ሰዓት ቀጠሮ አለብኝ የሚል ባለጉዳይ መጥቶ ራሴ ላይ ቆመ፤ ቀሪውን እያጣደፍኩ አገለባበጥኩት። ብቻ አለቀ።

ማታ ስሰጣቸው ወረቀቱን ደረታቸው ላይ አቀፉት። ልደትም እዚያው ነበረች፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እኔ እስክመጣ እሳቸው ጋ ነው የምትቆየው። "እኔና ልደት እናነባለን" አሉ።


ሰኞ፣ የካቲት 4

ታክሲ ወረፋ ላይ ቆሜ ነው የምጽፈው። ልደት አነበበች!!! ትናንት ማታ። የእሷን ተራ፣ ሦስተኛውን ገጽ፣ ሙሉውን። አንድም ቦታ ሳትቆም። አለቀስኩ። ለካሳይ ደወልኩ፣ እሑድ ማታ፣ ምን አገባው ሰውዬው? ወረፋው ተንቀሳቀሰ።


እሑድ፣ የካቲት 10

ሃድጉ መጣ። ከስቷል። እጁ ላይ ሽቦ የቆረጠው ቁስል አለ፤ "ምንም አይደለም" ይላል። ዓርብ ማታ ደርሶ እስከ ቅዳሜ እኩለ ቀን ተኛ።

ትናንት ማታ "እኔም ተራ ስጡኝ፣ ሁልጊዜ ከጨው ዕቃ ጋር ነው እንዴ የምቀመጠው?" አለ። ከእኔና ከዮአብ ቀጥሎ ሦስተኛውን ገጽ ወሰደ፤ "ጎንደር"ን በትግርኛ ዜማ ሲያነባት ልጆቹ በሳቅ ሞቱ።

ልደት ግን አልሳቀችም። "ተራዬ ነው! አባዬ ተራዬን ወሰደ!" አለች። የሚቀጥለውን ገጽ አንብቢ ብንላት እንባዋ መጣ። "የኔ ሦስተኛው ነው" ትላለች። ሆዴን አመመኝ ብላ ተኛች።

ሃድጉ ሁለታችን ብቻ ስንሆን "ምን ሆና ነው?" አለኝ። ሆዷን ነዋ፣ ሌላ ምን ይሆናል? ከመንገድ የገዛላትን ሳምቡሳ ነው የጠረጠርኩት።


ሐሙስ፣ የካቲት 14

ዛሬ ባለጉዳይ በዝቶ ዐይኔ ጠፋ። አንድ ሰውዬ ማመልከቻውን አራት ጊዜ አስቀየረኝ፤ "ክቡር" የሚለው አንሷል እያለ።

ማታ ልደት እያነበበች መብራት ጠፋ። እሷ ግን ቀጠለች! ሻማ ፈልጌ እስካበራ ድረስ ሦስት አራት መስመር ሄዳለች። ዮአብ "ይሄ ናይት ቪዥን ነው" አለ። እኔ ደግሞ ምን ብል ጥሩ ነው፣ "የልጅ ዐይን እኮ ስለት ነው።"

ጻፍኩት፤ መልሼ አነበብኩት። እንጃ። ደክሞኛል፣ ልተኛ።


ማክሰኞ፣ የካቲት 19

ጠዋት በትምህርት ቤቱ በኩል አልፌ መምህርት ደሊናን አገኘኋት። ቤት ስለምታነበው ስነግራት ግራ ገባት። "በክፍል ግን እስካሁን..." አለች።

"ታፍራለች! ሰው ፊት ስለሆነ ነው። አንድ ጊዜ ብትለምደው ይለቃታል። የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓቱ ላይ የጠዋቱን መልእክት የሚያነብ ልጅ አለ አይደል? ለምን አትሞክሪያትም?"

"ወይዘሮ ፍሬሰላም፣ እርግጠኛ ነዎት?"

"በጆሮዬ የሰማሁትን!"

እሺ አለች። የእሷ ክፍል ተራ መጋቢት 13 ነው። ለሃድጉ ነገርኩት፣ ለካሳይ ነገርኩት፣ ለጋሽ መዝገቡ በግድግዳው ነገርኳቸው። እሳቸው ሲሰሙ ዝም አሉ። አልሰሙኝም መሰለኝ፣ ደገምኩላቸው። "ሰምቻለሁ" አሉ።


ቅዳሜ፣ የካቲት 30

ከላይ ያለው መንደር ሊፈርስ ነው፣ እኛም ዘንድ ይደርሳል የሚል ወሬ አለ። ውሃ ወረፋ ላይ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ሱቅ፣ ሰው ሁሉ ይሄንኑ ነው የሚያወራው። ጆሮዬ ደከመው። ከፈረሰ አብረን የምንመደበው ከማን ጋር ነው? ጋሽ መዝገቡስ?

ዛሬ ሃድጉ በስልክ ንባቡን ሰምቶ ሲጨርስ "ስፒከሩን አጥፊው" አለኝ።

"ፍሬ፣ አንድ ነገር ልበልሽ፣ አትቆጪ።"

"ተናገር።"

"አንቺ ስታነቢ ትደናቀፊያለሽ። ዮአብም ይደናቀፋል። እኔማ አትጠይቂኝ። ልደት ግን አንድ ቀን እንኳ አልተደናቀፈችም።"

"እና ደስ አይልህም?"

"ከአንድ ወር በፊት ማንበብ የማትችል ልጅ እኮ ናት።"

ተቆጣሁ። አንተ ሐዋሳ ተቀምጠህ ምን ታውቃለህ አልኩት። ዘጋሁበት። አሁን ጸጸተኝ። ቁስሉ ዳነ ወይ ብዬ እንኳ አልጠየቅኩትም።


ረቡዕ፣ መጋቢት 4

ጾም ከገባ ሦስተኛ ቀኑ።

እኔ ገጽ 110ን አነበብኩ። ዮአብ 111ን። ቡዜ ዓባይ ዳር ደርሳ ውሃው ደፍርሶባት ቁጭ ብላለች። መጽሐፉን ለልደት አቀበልናት። ጉሮሮዋን ጠራርጋ ጀመረች፦ "የወንዙ ጠባቂ እርጥብ ቀሚሷን አይቶ ሳቀ..."

ዮአብ ጮኸ። "እንዴ፣ መቼ ተሻገረች? አሁን ገና ዳር ቁጭ ብላ ነበር እኮ!"

ልደት ቀጠለች። ዐይኗ ገጹ ላይ ነው። አንገቴን አስግጌ አየሁት። ገጽ 112 ነው። "ቡዜ ስልቻውን ነፍታ አፉን በጠፍር አሰረች" ይላል። ጠባቂ የሚል ቃል የለበትም።

"ገጽ ዘላ ነው" አልኩ። "ደክሟታል። እንተኛ።"

ሃድጉ ስልኩ ላይ ነበር። "ደህና እደሩ" ብሎ ዘጋ።


ሐሙስ፣ መጋቢት 5

ሱቅ። ሰው የለም።

ያን ቀን ባለጉዳዩ ራሴ ላይ ቆሞ ሳጣድፍ ሁለት ቅጠል አንድ ላይ ገልጬ ይሆናል። እንዲያ ከሆነ ጋሽ መዝገቡ ዘንድ ካለው ኮፒ 112 እና 113 የሉም። ከ111 ቀጥሎ 114 ነው። 114 ላይ ደግሞ ጠባቂው አለ። አይቻለሁ።

ራሴን አሞኛል ብዬ ካሳይን አስፈቅጄ በዘጠኝ ተኩል ወጣሁ። ቤት ስገባ በግድግዳው ይሰማል። የጋሽ መዝገቡ ድምፅ፦ "ደብዳቤው ረጥቧል።" የልደት ድምፅ፦ "ደብዳቤው ረጥቧል።" "ቀለሙን ወንዝ ወስዶታል።" "ቀለሙን ወንዝ ወስዶታል።" ልክ የቆሎ ተማሪ ዳዊት ሲቀበል እንደሚለው። "ከመጀመሪያው በይው እስቲ።" እሷም ከመጀመሪያው አለችው፤ እንዴት አድርጋ! በዚያ ባማረ ድምፅ።

ቦርሳዬን እንደያዝኩ ቆሜ ሰማሁ። ከዚያ ወጥ ቤት ገብቼ ድስት አንኳኳሁ፤ መምጣቴን እንዲያውቁ። ወዲያው ጸጥ አሉ።

ስትገባ "ቆየሽ?" አልኳት። "ስንጫወት" አለች። ሽንኩርት ላጥኩ።


ሰኞ፣ መጋቢት 9

ለመምህርት ደሊና ልነግራት ነበር። ጠዋት በሩ ድረስ ሄድኩ። ልጆች ይገፋፋሉ፣ ዘበኛው ይጮኻል፣ ሰዓቱ ደርሷል። ነገ።


ማክሰኞ፣ መጋቢት 10

አልሄድኩም። ወረፋ ነበር።


ሐሙስ፣ መጋቢት 12

መምህርቷ የነገውን መልእክት ወረቀት ዛሬ ሰጥታታለች፤ እንድትለማመድ። ጋሽ መዝገቡ ደግሞ ለዐይናቸው ቀጠሮ ነበራቸው፣ አመሻሽ ላይ ነው የተመለሱት። ልደት ሦስት ጊዜ ወጥታ በራቸውን አየች።

ስትተኛ ወረቀቱን ከቦርሳዋ አወጣሁት። ስለ እጅ መታጠብ ነው። ስምንት መስመር። ቀስቅሼ ባስጠናት በግማሽ ሰዓት ትይዘዋለች፤ ነገ ታምራለች፤ ማንም አያውቅም። ወይም ደግሞ ተነሺ፣ ነገ አትሄጂም፣ እኔ እነግራቸዋለሁ ብላት ያበቃል።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መልሼ ከተትኩት።

ደክሞኛል ብዬ ልጽፍ ነበር። ደክሞኛልም፣ እውነት ነው። ግን እሱ አይደለም።


ዓርብ፣ መጋቢት 13

ለካሳይ አረፍዳለሁ ብዬ ትምህርት ቤቱ ግቢ ከአጥሩ ሥር ቆምኩ። ሰንደቅ ዓላማው ወጣ፣ መዝሙሩ አለቀ። "ከአራተኛ ክፍል፣ ልደት ሃድጉ" ተባለ።

ወጣች። ፀጉሯን ትናንት ሹሩባ ሠርቼላት ነበር። ማይክሮፎኑ ረዝሞባት ዝቅ አደረጉላት። ወረቀቱን በሁለት እጇ ያዘች። ዝም። አንድ ልጅ ሳቀ። ዝም። ርእሰ መምህሩ ሰዓታቸውን አዩ።

ከዚያ ቀና አለች።

"የወንዙ ጠባቂ እርጥብ ቀሚሷን አይቶ ሳቀ። ጥለቷን ተረተረ። ደብዳቤው ረጥቧል። ቀለሙን ወንዝ ወስዶታል። 'እንግዲህ ምን ይዘሽ ልትሄጂ ነው?' አላት። ቡዜ ግን ቀጥ ብላ ቆመች። የተላከችውን ቃል አንድ ሳታጎድል አለችው።"

ልጆቹ መጀመሪያ ተንጫጩ፤ ኋላ ፀጥ አሉ። ይሄ ሁሉ ልጅ ፀጥ! ከፊት የቆመ አንድ ቀጭን ልጅ ብቻ "ቲቸር፣ ይሄ እጅ መታጠብ አይደለም!" ብሎ ጮኸ። ሳቁ ያን ጊዜ መጣ። ግቢው በሙሉ። እሷ ገጹን እስከ መጨረሻው ጨረሰችው፤ በሳቁ ውስጥ። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ለመምህርት ደሊና ሰጠቻትና ሰልፏ ውስጥ ገባች።

መምህርት ደሊና በግቢው ማዶ አየችኝ። እኔ ዐይኔን ከእሷ ላይ አነሳሁ።

ሱቅ ሄድኩ። ሦስት ማመልከቻ ጻፍኩ። ምን እንደጻፍኩ አላውቅም።

ማታ ራት አልበላችም። አልጋዋ ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኛች። አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ምን ልበላት? "ምንም አይደለም" አልኳት።

"ታውቂ ነበር አይደል?"

"ምኑን?"

"እማ፣ ድስት ስታንኳኪ ሰምቼሻለሁ። ድስቱ ባዶ ነበር።"

ብርድ ልብሷን ሳብ አድርጌ አለበስኳት።

"ለምን ታዲያ አልነገርሽኝም፣ የኔ ልጅ?"

"መጀመሪያ ጊዜ ያነበብኩ ቀን አለቀስሽ። ለጋሽ ካሳይ ደወልሽ። እንደዚያ ደስ ብሎሽ አይቼሽ አላውቅም። ከዚያ እንዴት ላቁም?"

ዮአብ ከማዶው አልጋ ሆኖ ይሰማል። ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደም። "ድምፅሽ ግን አሪፍ ነበር፤ ቪዲዮ የቀረጸ ልጅ አለ፣ አየሁት" አላት።


ቅዳሜ፣ መጋቢት 14

ጋሽ መዝገቡ በጠዋት በሩን አንኳኩ። ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ያጎላሁላቸውን ኮፒ በሁለት እጃቸው ይዘው። ቁጭ በሉ ብላቸው እምቢ አሉ።

"ጥፋቱ የኔ ነው። እኔ በጆሮዬ ነው የተማርኩት። መጀመሪያ ጆሮ ይይዛል፣ ዐይን ኋላ ይከተላል ብዬ ነው። እኔን ተከትሎኝ ነበር።"

"ኮፒውን ያመጣሁት እኔ ነኝ ጋሼ። ተማሪው ሁሉ ፊት ያቆምኳትም እኔ።"

"ልጅቷ ስትመጣ ቤቱ ሰው ያለበት ይመስላል" አሉ፤ ከዚያ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። "እኔም ያን ማጣት አልፈለግኩም። እሱን ደግሞ ይቅር በዪኝ።"

ወረቀቱን መልሼ እጃቸው ላይ አደረግኩት። እንባዬ መጣ፣ ሳቄም መጣ። እንዲህ ነው የሚያደርገኝ።

ለሃድጉ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ድስቱን ሳይቀር። "እኔም እኮ ያን ቀን ዘግተሽብኝ ዝም አልኩ" አለ። ቁስሉ ድኗል።


ሰኞ፣ መጋቢት 16

መምህርት ደሊና "ይቀመጡ" አለችኝ። ተቀመጥኩ።

"አውቄ ነው ዝም ያልኩት" አልኳት። "ከሰልፉ ስምንት ቀን በፊት።"

ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። "እኔም ወረቀቱን ስሰጣት ፊቷን አይቻለሁ" አለች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፤ ልደት የጆሮ ችግር የለባትም፣ የማስታወስ ችግርም የለባትም፣ ያንን ግቢው በሙሉ መስክሯል። የሚያስፈልጋት አጭር ነገር ነው፣ በየቀኑ፣ በጣቷ እየተከተለች፣ ሰው ሳይቀድማት። "ሰው ሳይቀድማት" ያለችውን ሁለት ጊዜ አለችው፤ እኔን እያየች።

"ትደግማለች?"

"ምናልባት። አልዋሽዎትም።"

መውጫዬ ላይ "ልጆቹ ግን ቡዜ መጨረሻዋ ምን ሆነ እያሉ ይጠይቁኛል፤ ምን ልበላቸው?" አለችኝ።

እኔም አላውቀውም። ከዚያ ማታ ወዲህ መጽሐፉን አልከፈትነውም፤ ገና ገጽ 112 ላይ ነን።


እሑድ፣ መጋቢት 22

አዲስ ደንብ። መጽሐፉን እኔና ዮአብ ካቆምንበት እንቀጥላለን። ልደት ግን ከገጽ አንድ ትጀምራለች፤ በቀን አንድ መስመር። ማንም አይነግራትም። እኔም፣ ዮአብም፣ ስልኩም፣ ግድግዳውም።

ዛሬ እምቢ አለች። ትናንትም። መጽሐፉን ታያለች፣ ትዘጋለች። ዮአብ "ይሄማ ከዓባይ ይከብዳል" ብሎ ወጣ። ልረዳት አፌ ድረስ መጥቶ ምላሴን ነከስኩት፤ በእውነት ነከስኩት፣ ያመኛል።


ሐሙስ፣ ሚያዝያ 3

ስለ ሠፈሩ አሁንም ወሬ ብቻ። ውሃ ከመጣች አምስት ቀኗ። እግሬ አብጧል፤ ዛሬ ከወሎ ሰፈር እስከ ቤት ታክሲ አጥቼ በእግሬ ነው የመጣሁት።

እራት በላን። ስልኩን ጨው ዕቃው ላይ አስደገፍነው፤ ሃድጉ "አለሁ" አለ። ግድግዳው ማዶ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። እኔ ገጼን አነበብኩ፣ ዮአብ ገጹን አነበበ። መጽሐፉን ለልደት ሰጠናት። ወደ መጀመሪያው ገጽ መለሰችው።

ጣቷን አስቀመጠች።

"ጎ...ን...ደር። ጎንደር። ዝ...ና...ብ..."

የመጀመሪያው መስመር "ጎንደር ዝናብ ከጀመረ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር" ነው የሚለው። እኔ በቃሌ አውቀዋለሁ። ዮአብ ያውቀዋል። ጋሽ መዝገቡማ! አራት ሰው፣ ሦስታችን በአንድ ግድግዳ ግራና ቀኝ፣ አንዱ በስልክ፣ አፋችንን ይዘን ተቀመጥን።

"ከጀ...ከጀመ..."

ቆመች። ላብ አጠመቃት። ከግድግዳው ማዶ ጋሽ መዝገቡ ሳል ጀመሩና በመሀል አቋረጡት፤ ምልክት እንዳይመስልባቸው ነው። ሰዓቱ ይሰማል። ጎረቤት በር ይዘጋል። ጣቷ ፊደሉ ላይ ነው፣ አልተነሳም።

"ከጀመረች። አይደለም። ረ ናት። ከጀመረ።"

በዚህ ጊዜ ሃድጉ በስልኩ ውስጥ ጮኸ። እጁን ሽቦ የቆረጠው ቀን እንኳ እንዲህ የጮኸ አይመስለኝም።

"ተደናቀፈች! ፍሬ፣ ሰማሽ? ተደናቀፈች እኮ!"

ልደት ስልኩን ገላመጠችው። "አባዬ፣ ዝም በል፤ ገና አልጨረስኩም።"

ግማሽ መስመር። ስድስት ጊዜ ተደናቀፈች። ቆጥሬዋለሁ።